ዓርብ የማይመሽበት አገር

ሥራ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ሱቁ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ፣ ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ውስጥ ነበር፤ ያኔ አራዳ ብቻ ነው የምንለው። በሩ ላይ መርከብ የተሳለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ስገባ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ አገኘሁትና የከሰረ ነጋዴ ቤት የመጣሁ መሰለኝ። ጌታዬ ሙሴ ስታቭሮ የሚባል ግሪክ ነበር። ሐሳቤን ያወቀብኝ ይመስል፣ እዚህ ቤት የሚሸጠው መንገድ ነው አለኝ። ከለገሃር እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከጅቡቲ ወዲያ በመርከብ፣ ከዚያም ወዲያ እግዚአብሔር እስከፈቀደው ድረስ።

ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተምሬ ስለነበር ወንበር ይሰጠኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። የሰጠኝ የሙጫ ቆርቆሮና ብሩሽ ነው። ያን ቀን ሙሉ በሻንጣና በሣጥን ላይ የመርከብ ወረቀት ስለጥፍ ዋልኩ። ማታ ቤት ስገባ ጣቶቼ እርስ በርስ ተጣብቀው እናቴ በሙቅ ውሃ አላቀቀችልኝ።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ሙያ ከሁሉ በታች ያለው ለጣፊው ነው። ሣጥኑ ወደ መርከቡ ሆድ የሚወርድ ይሁን ወይስ ከመንገደኛው ጋር የሚቀመጥ ለይቶ ይለጥፋል፤ ከተሳሳተ ሰውየው ማርሴይ እስኪደርስ ሸሚዝ አይቀይርም። ከለጣፊው በላይ ጸሐፊው አለ፤ ቴሌግራም ይጽፋል፣ የመርከብ አልጋ ያስይዛል። ከሁሉ በላይ ቲኬት ቆራጩ ነው። ባንኮኒው ኋላ ይቆማል፣ ማኅተሙን ይይዛል፣ ከመንገደኛው ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገረው እሱ ነው። እኔ ለጣፊነቱንም ጸሐፊነቱንም ጠግቤ ነው ባንኮኒው ኋላ የደረስኩት።

በዚያ ዘመን ያለ ጉዳይ መንገድ የሚወጣ የአገሬ ሰው አላውቅም ነበር። ነጋዴው ለቡናው ይሄዳል፣ መነኩሴው ለኢየሩሳሌም፣ በሽተኛው ለሐኪም፣ የመኳንንት ልጅ ለትምህርት። ለዕረፍት የሚሄዱት ፈረንጆቹ ብቻ ነበሩ። ከምን እንደሚያርፉ ግን አይገባንም እያልን እኔና ጸሐፊው እንስቅባቸው ነበር።

ወይዘሮ አስካለ የመጡት የጨርቅ ጭነታቸው ጅቡቲ ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። እሪ በከንቱ ሰፈር አፋፍ ላይ ቤት፣ ገበያው ውስጥ የአቡጀዲ ሱቅ ያላቸው ባልቴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዱን የያዙት ራሳቸው ነበሩ፤ በዋጋ ሊከራከራቸው የሚደፍር ወንድ አራዳ ውስጥ ጥቂት ነው። ጸሐፊው ቴሌግራሞቹን እስኪያገላብጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ለመንገደኛ የምናስቀምጠውን የፈረንሳይ መጽሔት ይገልጡ ጀመር። ማንበብ ሳይሆን ሥዕል ማየት ነው።

ድንገት መግለጡን አቆሙ። "አንተ ደምሴ፣ ና እስቲ። ይኼ ምንድን ነው?"

ሥዕሉ ላይ ከድንጋያማ ሜዳ መካከል ነጭ ውሃ ወደ ሰማይ ተወርውሯል። አጠገቡ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች ቆመዋል፤ ከውሃው ጋር ሲተያዩ ጉንዳን ያህላሉ። ከሥር የተጻፈውን አነበብኩላቸው። አገሩ አይስላንድ ይባላል። በሰሜን ባሕር መካከል ያለ ደሴት ነው። ውሃው ከመሬት ሆድ ፈልቶ ይወጣል፣ ተራራው ላዩ በረዶ ሲሆን ውስጡ እሳት ነው።

"ፍልውሃ ነዋ" አሉ።

ፍልውሃ ነው፣ ግን ይዘላል አልኳቸው።

ወይዘሮ አስካለ ፍልውሃ ሳይወርዱ ሳምንት የማያሳልፉ ሰው ነበሩ። መጽሔቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ መልሰው አስጠጉ። ጭነታቸው መድረሱ ሲነገራቸው እንኳ ቀና አላሉም። ከዚያ እዚህ አገር በእናንተ መንገድ ይደረሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከማርሴይ የራቀ ቲኬት ቆርጬ አላውቅም ነበር። ይደረሳል እሜቴ አልኩ፤ እንዴት እንደሚደረስ ግን ገና አላወቅሁም።

ሙሴ ስታቭሮ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። የሴትዮዋን ፊት ሲያይ ግን ኮቱን አውልቆ ከእኛ ጋር ካርታ ላይ ተደፋ። ካርታው ከባንኮኒው ተርፎ ስለሚንጠለጠል ጫፉን በማኅተሙና በቀለም ጠርሙሱ እንጫነው ነበር። ወይዘሮ አስካለ በነጠላቸው ጫፍ ቆሎ ቋጥረው ይመጣሉ። ባቡር በምንሳፈርበት ቦታ ሽንብራ፣ መርከብ በምንሳፈርበት ገብስ እያስቀመጥን ከጅቡቲ ማርሴይ፣ ከማርሴይ ፓሪስ፣ ከፓሪስ ኮፐንሃገን፣ ከዚያም በሰሜኑ ባሕር ደሴቲቱ ድረስ ዘለቅን። መስመሩ አልገጥም ሲል ቆሎውን እንበላውና በሌላ በኩል እንደገና እንጀምራለን። አንድ ቀን "በምንሳፈርበት" ማለቴን ሰምተው አንተም ልትሄድ ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ። እውነትም አፌ አምልጦኝ ነበር። እንዲህ ደስ ያለኝ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልገጠመኝም። ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ደርሼ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

ወራቱን ስንመርጥ ተከራከርን። እዚያ አገር መንገዱ የሚከፈተው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ በእኛ በጋ ሁሉም በረዶ ነው። ወይዘሮ አስካለ ይህን ለመቀበል ብዙ ቀን ፈጀባቸው። በክረምት መንገድ የሚወጣ ወይ የተሰደደ ወይ ያበደ ነው አሉ። እኔ ደግሞ እሜቴ፣ በእርስዎ ሱቅ ገበያ የሚጠፋው በክረምት አይደል ወይ፣ ዝናቡን ቁጭ ብለው ከሚቆጥሩት ቢሄዱ ምን አለበት አልኳቸው። ይህ ገባቸው። ነጋዴ ናቸዋ።

ከዚያ ስንቁ ተጀመረ። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ለጾም። ቋንጣና ጭኮ ለፍስክ። የመንዝ ባና ሁለት፣ በርኖስ አንድ። በመርከብ ምግብ ይቀርባል ብላቸው፣ ምን እንደሚቀርብ አውቀህ ነው ወይ ብለው ዝም አሰኙኝ። ውሃው የሚዘልበት ቦታ ድረስ የሚያስኬደው ሰረገላ ሳይሆን ፈረስ እንደሆነ ካነበብኩላቸው በኋላ ደግሞ ኮርቻቸውን ይዘው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ሙሴ ስታቭሮ ኮርቻ በመርከብ ሲባል ሰምቶ አያውቅም። እሳቸው በሰው ኮርቻ ተቀምጠው አያውቁም። ኮርቻው እንዲሄድ ተወሰነ። የወንድማቸው ልጅ ጥሩነሽ ፈረንሳይኛ ስለምታውቅ አስተርጓሚ ሆና አብራቸው ትሄዳለች።

ነገሩ ሁሉ ሲያምር ሙሴ ስታቭሮ አበላሸው። ሻጭ ነውና ዕቃውን ማሞገስ ይወዳል። ተርጉምላቸው አለኝ፣ እኔም ሞቅ ብሎኝ ተረጎምኩ። በዚያ አገር በዚያ ወራት ፀሐይ አትጠልቅም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ክር በመርፌ ማስገባት ይቻላል፤ ቀኑ ማለቂያ የለውም።

ወይዘሮ አስካለ የያዙትን ሽንብራ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። "ዓርብም?" አሉ።

ስተረጉምለት ምን እንደተጠየቀ አልገባውም። ዓርብም ቅዳሜም ሁልጊዜም አለ፣ ደስ ብሎት።

"እንግዲያ ዓርብ ካልመሸ ቅዳሜ በምን ይገባል? ጾሙስ መቼ ያበቃል?" ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሙሴ ስታቭሮ ምን አጠፋሁ እያለ ሲጨነቅ ዋለ። ረቡዕና ዓርብን ሳታጓድል ለኖረች ሴት የማያልቅ ቀን ማለት የማያልቅ ጾም መሆኑን ሳስረዳው፣ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። የመርከቡ አልጋ በቴሌግራም ተጠይቋል፣ ስንቁ ተፈጭቷል። ሁሉም ነገር አንዲት ዓርብ ላይ ተንጠለጠለ።

ወይዘሮ አስካለ ግን እጅ የሚሰጡ ሰው አልነበሩም። በማግሥቱ ጠርተውኝ የይለፍ ወረቀት ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት አብረን ሄድን። የዚያ ቤት ጸሐፊ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ፣ ብዕራቸውን ጆሯቸው ላይ የሚሰኩ ሽማግሌ ነበሩ። ስምና አገር ከጻፉ በኋላ ጉዳይዎስ ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ አስካለ ለማየት ነው አሉ። ጸሐፊው ብዕሩን አቆሙ። ንግድ ጉዳይ ነው፣ ሕክምና ጉዳይ ነው፣ ስእለትም ጉዳይ ነው፣ ማየት ግን ጉዳይ አይደለም አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩምና ወዲያው መላ ፈለጉ። ፍልውሃ ያለበት አገር ነው ብላችሁኛል፣ ሕክምና ብዬ ልጻፈው አሉ።

"አልታመምኩም" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ደህናውን ሰውነቴን በወረቀት አላሳምምም።"

ሽማግሌው አዩአቸው፣ እኔንም አዩኝ። በመጨረሻ፣ እንዲያ ከሆነ የነፍስ አባትዎ የሚሉትን ቃል ያምጡልኝ፣ እሳቸው ያሉትን እጽፋለሁ ብለው አሰናበቱን።

እንግዲህ ሁለቱም ቋጠሮ አንድ ሰው እጅ ገባ። የወይዘሮ አስካለ የነፍስ አባት አባ ገብረ ማርያም የጊዮርጊስ አገልጋይ ናቸው። መንገድ ላይ እመቤቲቱ ቆም አሉና፣ አባ ካልፈቀዱ አልሄድም፣ ዋሽቼም አልሄድም፣ በእኔ ዕድሜ ደግሞ ለከርሞ አይባልም አሉኝ። ድምፃቸው እንዲያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። እኔም በውስጤ ለጊዮርጊስ ተሳልኩ።

ሙሴ ስታቭሮ ምድርን የምትመስለውን ሉል ይዘህ ሂድ፣ ፀሐይዋ ለምን እንደማትጠልቅ አሳያቸው ብሎኝ ጋቢዬ ሥር ሸጉጫት ነበር። አባን ያገኘናቸው ከቅዳሴ በኋላ በቅጥሩ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው። ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ሰዓት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ፊታቸውን ሳይ ሉሏን ለማውጣት እፍረት ያዘኝ፤ ጋቢዬ ሥር እንዳለች ቀረች።

ወይዘሮ አስካለ ነገሩን ከሥዕሉ ጀምሮ እስከ ዓርብ ድረስ ተናገሩ። አባ እስከ መጨረሻው አዳመጡና ወደ እኔ ዞሩ። ፀሐይ አትጠልቅም ያልከው አንተ ነህ አሉኝ። ጌታዬ ነው፣ እኔ ተረጎምኩ አልኩ። አይተሃል ወይ አሉኝ። አላየሁም፣ አንብቤ ነው አልኩ። እዚያ አገር ከብት አለ ወይ አሉኝ። ላምም በግም አለ አባቴ። ላሟን ያልባሉ ወይ? ያልባሉ። ሰውስ ይተኛል?

"ይተኛል አባቴ። መጋረጃ ዘርግቶ ይተኛል።"

"ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ተኛ ብሎ ማን አዘዘው?"

ደክሞት ነው ይሆናል አልኩ።

አባ ሳቁ። የያዙትን የዝንብ ጭራ ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ወደ ወይዘሮ አስካለ ዞሩ። "ልጄ፣ ሐምሌን ሙሉ ደመና ነው፤ እኔ የምለካው ጥላ የለኝም። ጥላ አጣሁ ብዬ ዓርብን አስረዝሜብሽ አውቃለሁ? ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲጋደም ዓርብ አልቋል። ሲነሣ ቅዳሜ ነው።"

ወይዘሮ አስካለ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እኔም እልል ልል ነበር፣ ቦታው አልሆነልኝም እንጂ። አባ ግን አልጨረሱም። ጾሙስ ይሁን፣ ለመሆኑ ጉዳይሽ ምንድን ነው አሉ። ስእለት ነው ይበሉ እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው።

"አባቴ፣ መንገድ ብዙ ወጥቻለሁ" አሉ ወይዘሮ አስካለ። "ደሴ የሄድኩት ወንድሜን ልቀብር ነው። ጎጃም የሄድኩት በባሌ ርስት ልሟገት ነው። ሐረር የሄድኩት አቡጀዲ ልገዛ ነው። አንዱንም አገር ቀና ብዬ አላየሁትም። ሳልሞት አንድ አገር ቀና ብዬ ልይ።"

አባ ወደ እኔ ዞረው ውሃው ምን ያህል እንደሚዘል ጠየቁኝ። ከዚህ ዛፍ ይበልጣል አልኩ። ዛፉን ወደ ላይ አዩት። ተራራው በረዶና እሳት እንዴት አብሮ ይችላል አሉ። እኔም አልገባኝም አልኩ። መርከቡ መሬት ሳያይ ስንት ቀን ይሄዳል፣ ዓሣ ነባሪ ይታያል ወይ፣ ባሕሩ ሌሊት ድምፅ አለው ወይ። ጥያቄአቸው አላልቅ አለ። ዲያቆኑ መጥቶ ሰው ይጠብቅዎታል ባይላቸው እስከ ማታ በያዙን ነበር።

ሲነሡ፣ ለዚያ ጸሐፊ የእግዚአብሔርን ሥራ ለማየት ትሄዳለች ብለውሃል በለው አሉኝ። ሽማግሌው ጸሐፊ ቃሉን ሲሰሙ ወዲያው ጻፉ፤ ጉዳይ ሆነላቸው። ወይዘሮ አስካለ ወጥተን ደረጃውን ስንወርድ፣ ከመጀመሪያውስ ምን አልኳቸው ብለው ተገረሙ።

ቲኬቱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ከአምስት ቁራጭ ተሰፍቶ የሚተጣጠፍ ረጅም ወረቀት ሆነ፤ ሙሴ ስታቭሮ ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አሳየው። ሣጥኑንና ስንቁን ለለጣፊው አልሰጠሁትም። ብሩሹን ተቀብዬ ራሴ ለጠፍኩ። ኮርቻው በጆንያ ተጠቅልሎ ስለነበር ሙጫው አልይዝ አለ፤ ወረቀቱን በመርፌ ሰፋሁት።

ለገሃር ዘመድ አዝማዱ ተሰብስቦ ያለቅስ ነበር። አቡጀዲ ለመግዛት ሐረር ድረስ ሲወርዱ አንድም ቀን ያልሸኛቸው ሰው፣ አሁን ለማየት ሲሄዱ እንደ ሙት አለቀሰላቸው። ወይዘሮ አስካለ በርኖሳቸውን ለብሰው በመስኮት ብቅ አሉና፣ እኔ በሕይወት አለሁ፣ ያለቀሰ ወደ ሥራው ይሂድ አሉ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ አየሁት። ቀናሁባቸው፤ ደስም አለኝ፤ ሁለቱም እኩል ነበሩ።

የተመለሱት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ቤታቸው እንግዳ ሞልቶ ሳለ ሱቅ ድረስ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና እስከ ምሳ አወሩልን። ኮርቻው ለዚያ አገር ፈረስ ሰፍቶ ከነኮርቻው ሊወድቁ ነበር፤ ፈረሱ ከእኛ አህያ እምብዛም አይበልጥም። ሙሴ ስታቭሮ ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ዓርብን በበሶ ውለው፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት መጋረጃ ስትዘረጋ ዓርብ አለቀ ብለው ተኙ። ፀሐይዋም እኛ እንዳልነው አይደለም፤ ጥቂት ጠልቃ ትመለሳለች።

ስለ ውሃው ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መጀመሪያ መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ውሃው እንደ ሰማያዊ እንቁላል አብጦ ፈነዳና ወጣ። ሳያውቁት እልል አሉ። አጠገባቸው የቆሙት ፈረንጆች ዞረው አዩአቸው፣ ከዚያ አጨበጨቡ። ሌላው መንገደኛ አንዴ አይቶ ወደ ፈረሱ ሲመለስ እሳቸው ሙሉ ቀን ቆመው ሲያዩት ዋሉ። ጥሩነሽ እንሂድ እያለች እስኪታክታት ለመነቻቸው።

ከዚያ በኋላ ወሬው በአራዳ ተዛመተ። አባ ገብረ ማርያም ግን ወሬውን በሰው አፍ አልጠበቁም። ወይዘሮ አስካለ እንደገቡ በማግሥቱ ቤታቸው ሄደው ከጧት እስከ ማታ ማስተረካቸውን ሰምቻለሁ።

ጥምቀት ካለፈ ወዲያ አንድ ጠዋት ባንኮኒው ፊት ቀና ስል አባ ቆመዋል። ጃንጥላቸውን በእጃቸው፣ ትንሽ አገልግል በክንዳቸው ይዘዋል። ባሕሩ የሚጀምረው ጅቡቲ ነው ወይ አሉኝ። አዎ አባቴ አልኩ። "እስከዚያ ቁረጥልኝ፣ መመለሻውንም ጨምር" አሉ። ሙሴ ስታቭሮ ከጠረጴዛው ሆኖ፣ አባ ለኢየሩሳሌም ከሆነ ጅቡቲ ላይ ለምን ይቆማሉ፣ ጉዳያቸውን ጠይቃቸው እንጂ አለኝ።

አባ ወለሉን እያዩ ነበር። ጆሯቸው ቀልቷል። እኔ ማኅተሙን አንሥቼ መታሁበትና ወረቀቱን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መንገደኛን የት እንደሚሄድ እንጂ ለምን እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም።